ሲፒዩው ይቀየር ተባልኩ፤ ፕሮሰሰሩን ብቻ ልቀይር ወይስ ሙሉውን?

የቱሉዋ ጸሐፊ
ኅዳር 8 ቀን 2018፣ ማታ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ የኮፒና የጽሕፈት ሱቅ አለችኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውልና ሲቪ እጽፋለሁ። ቂሊንጦ ካለው ከሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተማሪዎች ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን እኔ ጋ ያሳትማሉ። የሱቋ እንጀራ ያለው እነሱ ላይ ነው።

ኮምፒውተሬ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው። ኮር አይ ፋይቭ፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ፣ ዊንዶውስ 10። ከ6 ዓመት በፊት ያገለገለ ገዝቼው እስካሁን አላሳፈረኝም ነበር። አሁን ግን ደከመ። ጠዋት አብርቼው፣ ሱቁን ጠርጌ፣ ለአቧራው ደጁን ውሃ ረጭቼ ስመለስ ያቺ ክብ ገና እየተሽከረከረች አገኛታለሁ። ባለፈው ሐሙስ አንድ ተማሪ 140 ገጽ ጽሑፍ በፍላሽ ይዞ መጣ፤ ካርታና ፎቶ የበዛበት ነው። ወርድ እንደምንም ከፈተልኝ፤ 60ኛው ገጽ አካባቢ ስደርስ ስክሪኑ ነጭ ሆኖ ቀረ። ልጁ ስልኩ ላይ ሰዓቱን እያየ ግማሽ ሰዓት ቆመልኝ። የማስረከቢያው ቀን ነበር። በመጨረሻ "ይቅርታ እህቴ" ብሎኝ ፍላሹን ይዞ ሮጠ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቴክኒሻን ጠራሁ። ከፍቶ አየና "ሲፒዩው አርጅቷል፣ ይቀየር" አለኝ። እኛ ሰፈር ሲፒዩ የምንለው ሙሉ ሳጥኑን ስለሆነ ደነገጥኩ። ሲያስረዳኝ ለካ ውስጥ ያለችውን ፕሮሰሰር ማለቱ ነው። እሷን አውጥቶ ኮር አይ ሰቨን ሦስተኛ ጄኔሬሽን (ሦስተኛ ትውልድ) ሊያስገባልኝ ነው። የጠየቀኝ ብር የሱቄን የአንድ ወር ኪራይ ያህላል። ጎረቤቴ ደግሞ "እሱ ላይ ጨምረሽ ሙሉውን ቀይሪ" ይለኛል። ይህ ብር አንዴ ከወጣ ስድስት ወር አልተካውም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ጥገና ጀሞ
ኅዳር 8፣ ማታ 3:45

እህቴ ሰላም። ብሩን ከማውጣትሽ በፊት ኮምፒውተሩን ራሱን ጠይቂው። ነገ ጠዋት እንዳበራሽው ኮንትሮልንና ሺፍትን ይዘሽ ኢስኬፕን ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ትንሽ ሆኖ ከመጣ ታች ያለውን "ሞር ዲቴይልስ" ንኪ፣ ቀጥሎ "ፐርፎርማንስ" ውስጥ ግቢ። በግራ በኩል ሲፒዩ፣ ሜሞሪ (ራሙ ማለት ነው) እና ዲስክ ተደርድረው ታገኛቸዋለሽ። እያንዳንዱ ስንት በመቶ ላይ እንደሆነ ጻፊልን። ወርድ ስትከፍቺ አንዴ፣ ረጅም ጽሑፍ ስታሳትሚ ደግሞ ሌላ ጊዜ እዪው።

ሲፒዩው 90 እና 100 ላይ ተሰቅሎ ሌሎቹ ዝቅ ካሉ ሰውየው ልክ ነው። ዲስኩ 100 ላይ ተጣብቆ ሲፒዩው 10 ላይ ከተኛ ግን ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። ያኔ ፕሮሰሰር መቀየር ወረቀት ላለቀበት ማተሚያ ቶነር እንደመቀየር ነው።

የቡራዩ ኤዲተር
ኅዳር 8፣ ማታ 4:20

ፕሮሰሰር አይጠቅምም እንዳትሏት ፈርቼ ነው የምጽፈው። እኔ ቡራዩ የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። ማሽኔ ኮር አይ ስሪ 2120 ነበረው፤ ባለ 2 ኮር፣ ማለትም ሁለት የሥራ ክፍል ያለው። እዚያው ማዘርቦርድ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ አይ ሰቨን 2600 አስገባሁ፤ 4 ኮር፣ 8 ትሬድ ያለው፤ በአንዴ 8 ሥራ ይይዛል ማለት ነው። ማታ አስጀምሬው ጠዋት ስነሳ ያላለቀ የነበረ ሠርግ አሁን ሌሊቱ ሳይጋመስ ያልቃል። ማዘርቦርዱም፣ ራሙም፣ ካርዱም ያው ነው፤ የተቀየረው ፕሮሰሰሩ ብቻ ነው። እህታችን ሥራዋ ቢሰፋና ፎቶ ወይም ቪዲዮ ብትጨምር አይ ሰቨኑ ይከፍላታል ብዬ አምናለሁ።

ሰበታ 20 ዓመት በጥገና
ኅዳር 9፣ ጠዋት 1:30

ልጄ፣ ገንዘብ እንዳትከፍዪ። በመጀመሪያ ከሳጥኑ ፊት ለፊት የተጻፈውን ቁጥር ንገሪኝ። ኦፕቲፕሌክስ የቤተሰብ ስም ነው፤ 790 አለ፣ 990 አለ፣ 7010 አለ፣ 9010 አለ። ከውጭ ስታያቸው ወንድማማች ይመስላሉ፤ ፕሮሰሰር ላይ ግን ይለያያሉ።

ሁለተኛና ሦስተኛ ጄኔሬሽን ኢንቴል ሶኬታቸው (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት መሰኪያ) አንድ ነው፤ ኤልጂኤ 1155 ይባላል። አውጥተሽ ስታስገቢው ሰተት ብሎ ይገባል፣ መቆለፊያውም ይዘጋል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 7010 እና 9010 ኪው77 የሚባል ቺፕሴት (ቦርዱን የሚያስተዳድር ቺፕ) ስላላቸው ሁለቱንም ጄኔሬሽን ይቀበላሉ። 790 በኪው65፣ 990 በኪው67 የተሠሩ ናቸው፤ እነዚህ ከሁለተኛ ጄኔሬሽን አያልፉም። ሦስተኛውን ብታስገቢበት ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። ደንበኛ ከፍሎ የወሰደውን ማሽን በማግስቱ ተሸክሞ ሲመለስ አይቻለሁ፤ ፊቱን አልረሳውም።

የቡራዩው ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ፕሮሰሰሩን ስትቀይር ዲስክህ ምን ነበር?

የቡራዩ ኤዲተር
ኅዳር 9፣ ጠዋት 2:05

ጋሼ፣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ) ነበረኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የገባ ነው። ራሙም 16 ጊጋ ነበር። ገባኝ ወዴት እንደሚሄዱ። እኔ ጋ ዲስኩም ራሙም ቀድመው ስለተሟሉ የቀረው ማነቆ ፕሮሰሰሩ ነበር። እሷ ጋ መጀመሪያ ይታይ።

የቱሉዋ ጸሐፊ
ኅዳር 9፣ ቀን 7:15

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጠዋት ሁሉንም አይቼዋለሁ፤ በስልኬ መብራት የሳጥኑን ቁጥርም አነበብኩ። ጋሼ፣ 790 ነው የሚለው።

ታስክ ማናጀሩ ላይ ዲስክ ካበራሁበት ደቂቃ ጀምሮ 100 በመቶ ነበር፤ 11 ደቂቃ ያህል ከዚያ አልወረደም። ሜሞሪው ከ3.9 ጊጋ 3.5 ተይዟል። ሲፒዩ 8፣ 14፣ 9 እያለ ይዋልላል። ወርድ ስከፍት 40 ደርሶ ወዲያው ተመለሰ። የረጅሙን ጽሑፍ ሙከራ ያ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ትቶልኝ በሄደው ፋይል አደረግኩት፤ ዲስኩ እንደገና 100 ላይ ተሰቀለ፤ ሲፒዩው 20 እንኳ አልሞላም።

ሌላም ሁለት ነገር አለ። ጆሮዬን ሳጥኑ ላይ ሳስጠጋ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይሰማኛል፤ ቆየት ብሎ ይመለሳል። እንዲሁም ከሶኬት ነቅዬው ካደርኩ ጠዋት ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ነው የማገኘው። ኢንተርኔት ስከፍት ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም እያለ ይከለክለኛል።

ሰበታ 20 ዓመት በጥገና
ኅዳር 9፣ ቀን 7:40

ልጄ፣ ሁሉንም ነገር ተዪና ዛሬ፣ አሁን፣ የምትፈልጊውን ፋይል በሙሉ ወደ ውጭ ገልብጪ። የደንበኞችሽ ውሎች፣ የራስሽ ፎቶ፣ የሱቅሽ ሒሳብ ሁሉ ይውጣ። ያ ጠቅታ ሲበረታ ዲስኩ አንድ ቀን ጨርሶ አይነሳም። ሰው ለ500 ጊጋ ዲስክ አያለቅስም፤ ውስጡ ለነበረው ነው የሚያለቅሰው።

ገልብጠሽ ስትጨርሺ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አውርደሽ ክፈቺው። ላይኛው ግራ ላይ የዲስኩን ጤና በቀለም ያሳይሻል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ ዲስኩ የተበላሹ ቦታዎቹን በመጠባበቂያ እየተካ ነው።

ስለ አይ ሰቨኑ፦ 790 ስለሆነ ሦስተኛው ጄኔሬሽን አይሠራበትም። ሰውየው ሆን ብሎ ነው አልልም፤ ሞዴሉን ሳያይ በሶኬቱ ፈርዶ ይሆናል። ብሩ ግን ቀልጦ ይቀር ነበር። ለዚህ ቦርድ የመጨረሻው ከፍታ አይ ሰቨን 2600 ነው። ያንቺ አይ ፋይቭ 2400 ከሆነ፣ ብዙዎቹ 790ዎች እሱ ነው ያላቸው፣ 4 ኮር በ3.1 ጊጋኸርዝ አለሽ። 2600ው ያው 4 ኮር ነው፤ በ3.4 ይሄዳልና 8 ትሬድ አለው። ለቡራዩው ልጅ ቪዲዮ ያ ትልቅ ነገር ነው። ለወርድና ለማተሚያ ግን ልዩነቱን በዓይንሽ አታዪውም።

አሁን ኮምፒውተርሽን ለምን እንዲህ እንደሚያንቀው ላስረዳሽ። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህንና የምትንቀሳቀስ ክንድ ነው። ሳህኑ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል፤ ይህም አንዱ ዙር 8 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል ማለት ነው፤ በአማካይ የዚህን ግማሽ ይጠብቃል። ክንዷ ቦታዋን እስክታገኝ ሌላ 8 ወይም 9 ጨምሪ። በተበታተነ ፋይል ላይ ዲስኩ በሰከንድ 80 ወይም 100 ጊዜ ያህል ብቻ ነው መመለስ የሚችለው። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች ይጠይቃል። ኤስኤስዲ ክንድም ሳህንም የለውም፤ ርካሹ እንኳ በሰከንድ አሥር ሺዎችን ይመልሳል።

4 ጊጋ ራምሽ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ያወጣዋል፤ ሲፈልገው ደግሞ ከዚያ ያመጣዋል። የታመመ ዲስክ ላይ ሁለት ጊዜ ሸክም ይጭናል። 60ኛው ገጽ ላይ ስክሪኑ ነጭ የሆነብሽ ለዚህ ይመስለኛል።

ሰዓቱ ወደ ኋላ የሚመለሰው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ስላለቀች ነው። ሲአር 2032 ትባላለች፤ የመኪና ቁልፍ ባትሪ የሚሸጡ ሁሉ አሏቸው። ቀኑ ሲዛባ ድረ ገጾች የሚያቀርቡት የደኅንነት ማረጋገጫ ጊዜው ያልደረሰ ይመስለዋል፤ የሚከለክልሽም በዚህ ነው።

ጥገና ጀሞ
ኅዳር 9፣ ቀን 8:20

ጋሼ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ግዢው ልጨምር። ኤስኤስዲ 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃሻል፤ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለውን ነው የምትፈልጊው። ሻጩ ኤንቪኤምኢ ቢሰጥሽ ቦርድሽ ላይ መሰኪያ የለውም። 1 ወይም 2 ቴራ በማይታመን ርካሽ ዋጋ ካሳዩሽ እለፊው፤ ውስጡ ትንሽ ሆኖ ቁጥሩ የተጭበረበረ አለ። ኤች2ቴስትደብሊው በሚባል ፕሮግራም ሙሉውን አስጽፈሽ እስክታረጋግጪ ደረሰኙን አትጣዪ።

ራም ዲዲአር 3 ለዴስክቶፕ በይ። ባለ 4 ጊጋ ሁለት አንድ ዓይነት ገዝተሽ ጥንድ ሆነው እንዲገቡ አድርጊ፤ መሰኪያዎቹ በቀለም ስለሚለዩ ተመሳሳይ ቀለም ላይ ይገቡ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባል። የላፕቶፕ ራም አጭር ነው፤ ልብ በይ።

ያንቺ ቦርድ (ኪው65) ላይ ፈጣን የሳታ (የዲስክ ገመድ) መሰኪያ አንድ ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሃርድ ዲስኩ የተሰካበት እሱ ስለሆነ ነቅለሽ እዚያው ኤስኤስዲውን ሰኪ። ሌላው ላይ ቢገባም ከአሁኑ ዲስክ ጋር አይነጻጸርም።

ኤስኤስዲውና ራሙ ተደምረው ቴክኒሻኑ ከጠየቀሽ ብር ግማሹን ቢሞሉ ነው። መገናኛም ፒያሳም ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቂ። ብሩ በገበያ ዋጋ ከተለቀቀበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዕቃ ዋጋ ሱቅ ለሱቅ በጣም ይለያያል።

እግረ መንገድሽን ሳጥኑን ከፍተሽ ጎሚስታ ጋ ወስደሽ አስነፊው። የእናንተ ሰፈር አቧራ አይጣል ነው።

ሰበታ 20 ዓመት በጥገና
ኅዳር 9፣ ቀን 8:50

ጀሞ፣ ሌላው ሁሉ ልክ ነው፤ ጎሚስታው ላይ ግን አልስማማም። ኮምፕሬሰሩ ታንክ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል፤ ከአየሩ ጋር ማዘርቦርዱ ላይ ይረጫል። ፋኑ ላይ ሲነፋ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ይሽከረከርና ይጎዳል። የግድ ከሆነ መጀመሪያ አየሩን ወደ መሬት ልቀቂው፣ ውሃው ይውጣ፤ ፋኑን በጣትሽ ያዢው፤ ከሁለት ክንድ ርቀት ይነፋ። የኔ ምክር ንጹሕ የቀለም ብሩሽ ነው።

ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ማቀዝቀዣ ተነሥቶ ደርቆ የቀረው ቅባት በአዲስ ቢተካ ጥሩ ነው። እኛ የምንኖረው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚገፋው አየር የሚወስደው ሙቀት ከቆላው ያነሰ ነው። በዚያ ላይ አቧራ ሲደፍነው ፕሮሰሰሩ ራሱን ከሙቀት ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰው "አረጀ" የሚለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ለገጣፎ ሒሳብ
ኅዳር 9፣ ማታ 2:00

እህቴ፣ እኔ ለገጣፎ የግል ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ፒችትሪና ኤክሴል ላይ ነኝ፤ ማሽኔም ያንቺው እኩያ ነበር። ኤስኤስዲና ራም አድርጌለት ሁለት ዓመት ተኩል በደስታ ሠርቼበታለሁ። ስለዚህ የተባለው ሁሉ እውነት ነው።

ግን ወንድሞቼ ያላነሡት ነገር አለ። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ነፃ የደኅንነት ማሻሻያው ቆሟል። ያንቺ ሥራ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ መሰካት ነው። ሾርትከት ቫይረስ የተሸከመ ፍላሽ በቀን ስንት እንደሚገባ አንቺ ታውቂያለሽ። የአንዱ ተማሪ ቫይረስ ወደ ሌላው መመረቂያ ጽሑፍ እንዲሻገር አትፈልጊም።

ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው በጥቅሉ ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይፈልጋል። በዚያ ቦርድ ላይ የሚገባ የትኛውም ፕሮሰሰር ይህን አያሟላም። ለአይ ሰቨን 2600 የምታወጪው ብር መጨረሻው የተዘጋ መንገድ ላይ ነው የሚያደርስሽ። ኤስኤስዲው ግን ነገ ሌላ ማሽን ስትገዢ አብሮሽ ይሄዳል። እኔ ሁሌም "ይህ ዕቃ ነገ ይከተለኛል ወይ?" ብዬ ነው ብር የማወጣው።

ጥገና ጀሞ
ኅዳር 9፣ ማታ 2:25

ጥሩ ነጥብ ነው። ዊንዶውስ 11ን አሮጌ ማሽን ላይ በዘዴ የሚጭኑ አሉ፤ እኔም ለራሴ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል። ለሰው ግን አልጭነውም። ማይክሮሶፍት እንዲህ ያለው ማሽን ማሻሻያ ለማግኘቱ ዋስትና አይሰጥም። በየጊዜው የሚመጣውን ትልቅ ማሻሻያ እንደገና በእጅ መጫን ሊያስፈልግ ይችላል።

ለጊዜው ሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶውስ አፕዴት ክፈቺ። ለተጨማሪ አንድ ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ መመዝገቢያ ከመጣልሽ ተመዝገቢ። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ድረስ ያቆይሻል። የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቅሻል።

የቂሊንጦ ተማሪ
ኅዳር 9፣ ማታ 3:30

ሰላም እህቴ። እኔም እዚሁ ቂሊንጦ ነኝ፤ አምስተኛ ዓመት። ለምን ሊኑክስ ሚንት አትጭኚም? ነፃ ነው፣ 4 ጊጋ ራም ላይ እንኳ ይቀላል፣ የፍላሽ ቫይረሶቹም አይነኩትም።

ከተማሪዎቹ ደግሞ ፋይሉን በፒዲኤፍ እንዲያመጡ ብትጠይቂ ትልቅ ሸክም ይቀንስልሻል። እኛ በስልክ ያነሣነውን ፎቶ እንዳለ ወርድ ውስጥ እንለጥፋለን፤ አንዱ ፎቶ 5 ሜጋ ይሆናል። ፎቶውን መርጦ "ፒክቸር ፎርማት" ውስጥ "ኮምፕረስ ፒክቸርስ" ማለት ነው። 200 ሜጋ የነበረ የጓደኛዬ ጽሑፍ በዚህ ወደ 15 ሜጋ ወርዷል፤ ታትሞ ሳየው ልዩነቱን አላገኘሁትም።

ለገጣፎ ሒሳብ
ኅዳር 9፣ ማታ 3:50

ወንድሜ፣ ፒዲኤፉ ግሩም ሐሳብ ነው። ሊኑክሱ ግን ለኮፒ ቤት ይከብዳል። አንተ ወርድ ላይ ያሰናዳኸው ማውጫና ሠንጠረዥ ሌላ ፕሮግራም ላይ ሲከፈት ገጹ ይንሸራተታል። አማካሪህ ደግሞ ያየው የወርዱን ነው። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ አሮጌ ፋይል የሚያመጣም አለ፤ ፊደሉ ከሌለ የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል። የማስረከቢያ ቀን ላይ ይህን መጋፈጥ የለባትም።

የቱሉዋ ጸሐፊ
ኅዳር 10፣ ጠዋት 3:00

ሌሊቱን ሁሉንም ፋይል በውጭ ዲስክ ገልብጬ አደርኩ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎው ቢጫ ነው፤ "ኮሽን" ይላል። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ፋይሉ እንኳ ወጣ።

ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ሱቅ ዝግ ነው። ያን ቀን እቀይረዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ በኋላ ብር ሲጠራቀም ሙሉውን ስገዛ ምን ልይ? ሻጮቹ ሁሉ "ኮር አይ ሰቨን ነው" ነው የሚሉኝ።

ሰበታ 20 ዓመት በጥገና
ኅዳር 10፣ ጠዋት 3:35

"አይ ሰቨን" ብቻውን ምንም አይነግርሽም። ከሰረዙ በኋላ ያለውን ቁጥር አንብቢ። አይ ሰቨን 3770 ካለ ሦስተኛ ጄኔሬሽን ነው። አይ ፋይቭ 8500 ካለ ስምንተኛ ነው፤ 6 ኮር አለውና ያንን አይ ሰቨን በጠቅላላ ሥራው ይበልጠዋል። በስም ትልቁ አይ ሰቨን በሥራ ትንሹ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቁጥሩ ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው ጄኔሬሽኑ፤ 10400 አሥረኛ ነው።

ከዴል 3060፣ 5060 ወይም 7060፣ ከኤችፒ ፕሮዴስክ 600 ጂ4 ወይም ኤሊትዴስክ 800 ጂ4 ብታገኚ ይሆንሻል። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ 7050 እና 7060 በቁጥር ጎረቤታሞች ናቸው፤ 7050ው ግን ስድስተኛና ሰባተኛ ጄኔሬሽን ነው። ሶኬቱ ኤልጂኤ 1151 ተብሎ አንድ ስም ቢይዝም ስምንተኛው እዚያ ላይ አይነሳም። ያው ያሁኑ ታሪክሽ ነው የሚደገመው።

ሱቁ ውስጥ አብርተሽ የፍለጋው ሳጥን ላይ ቲፒኤም ነጥብ ኤምኤስሲ ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ። የቺፑ ቁጥር 2.0 መሆኑን ያሳይሻል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ ቆመሽ እዪው፤ ሻጩ ቢያጣድፍሽም አትጣደፊ። ፓወር ሰፕላዩና ማዘርቦርዱ የዴል ወይም የኤችፒ ብቻ ስለሆኑ ከተበላሹ ከሌላ ማሽን የሚገኙ አይደሉም። "ማዘርቦርዱን ብቻ ልቀይር" የሚለው ሐሳብ እነዚህ ሳጥኖች ላይ የማይሠራውም በዚህ ነው። ማዘርቦርዱ ድረስ የሚቀየር ከሆነ ሳጥኑ ሙሉውን ይቀየራል።

የቱሉዋ ጸሐፊ
ኅዳር 13፣ ማታ 1:20

ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ ከወንድሜ ጋር ተቀመጥን። ሳጥኑን ስንከፍተው የፋኑ ክንፎች መሃል ግራጫ አቧራ እንደ ጥጥ ተጋግሮ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ብረት አይታይም። በብሩሽ አንድ ሰዓት ፈጀብን። ኤስኤስዲ 256፣ ራም 4 እና 4፣ አዲስ ባትሪ፣ አዲስ ቅባት። ዊንዶውሱን ከአዲስ ጫንነው። ለምዝገባውም ሊንኩ መጥቶልኝ ተመዝግቤያለሁ።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ተጫንኩ፤ መጥረጊያውን አንሥቼ ዞር ስል ተከፍቶ ይጠብቀኛል። በስልኬ ለካሁት፤ ወርድ እስኪከፈት ድረስ 38 ሰከንድ። ቆሜ አየሁትና ደግሜ አጥፍቼ አበራሁት።

አንድ ችግር ገጠመኝ። በኒያላ ፊደል የተጻፉ የአማርኛ ውሎች ቅርጻቸው ተቀይሮ፣ ሁለት ገጽ የነበረው ሦስት ሆኖ መጣ። ደግሞም ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን አንዷ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የምትይዘው ባትሪ) ላይ ነው የምሰካቸው፤ ሳትም ዩፒኤሷ ትጮሃለች።

ጥገና ጀሞ
ኅዳር 13፣ ማታ 1:40

እንኳን ደስ አለሽ! ኒያላ ዊንዶውስ 10 ላይ በራሱ አይጫንም። ሴቲንግስ፣ አፕስ፣ ቀጥሎ "ኦፕሽናል ፊቸርስ" ውስጥ ግቢና "ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ" የሚለውን ጨምሪ። ገጾችሽ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ሰበታ 20 ዓመት በጥገና
ኅዳር 13፣ ማታ 2:10

ልጄ፣ ማተሚያውን ዛሬውኑ ከዩፒኤሷ አውጪው። ሌዘር ማተሚያ ቶነሩን ወረቀቱ ላይ የሚያቀልጥበት ማሞቂያ አለው፤ በሞቀ ቁጥር ብዙ መቶ ዋት ይስባል። ትንሽ ዩፒኤስ ያን አትችልም፤ ባትሪዋንም ይጨርሰዋል። ዩፒኤሷ ላይ ኮምፒውተሩና ስክሪኑ ብቻ ይሁኑ፤ ማተሚያው ለብቻው ከግድግዳው ሶኬት። መብራት ሲሄድ ማተሚያውን አጥፊው፤ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተሽ አብሪው። ሲመለስ የሚመጣው ኃይል ነው ብዙ ዕቃ የሚያቃጥለው።

የቱሉዋ ጸሐፊ
ኅዳር 15፣ ቀን 9:30

አውጥቼዋለሁ ጋሼ፤ ጩኸቱ ቆሟል። ኒያላም ተመለሰ፤ ውሎቹ ሁለት ገጽ ናቸው።

ያ ተማሪ ዛሬ ከጓደኛው ጋር መጣ። የጓደኛው ጽሑፍ 112 ገጽ ነው፤ በፒዲኤፍ። ሦስት ቅጂ አትሜ፣ ጠርዤ፣ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሰጠኋቸው።